ቀለሙ ከመቀባቱ ሁለት ቀን በፊት

ለመጀመሪያ ጊዜ ፀጉሯን ቀለም ልትቀባ ሳሎን የምትሄድ ሴት አብዛኛውን ጊዜ የምትይዘው ስልኳ ላይ ያስቀመጠችውን ፎቶ ነው። ፎቶው አይጠላም። ባለሙያዋን ይበልጥ የሚጠቅማት ግን የፀጉሩ ታሪክ ነው። ሪላክሰር ነክቶታል? ሂና ተደርጎበታል? ሽበት ለመሸፈን ተብሎ ቤት ውስጥ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል? አምና የሆነውን ብቻ ሳይሆን ካቻምና የሆነውንም መናገር ያስፈልጋል።

ፀጉር በወር በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ስለዚህ 25 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፀጉር ጫፉ ከራስ ቆዳ የወጣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከቆዳ በላይ ያለው ፀጉር ሕይወት ስለሌለው ራሱን አይጠግንም፤ የደረሰበት ጉዳት እስኪቆረጥ ድረስ አብሮት ይኖራል። ሥሩ ጤነኛ፣ ጫፉ የተጎዳ ፀጉር አንዱን ቀለም ለየቅል የሚይዘው በዚህ የተነሳ ነው።

ቋሚ ቀለም የሚሠራው ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ነው። የፀጉር የላይኛው ሽፋን እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው፤ አሞኒያው ያሳብጥና ይከፍተዋል። ከዚያ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይገባና ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ በኩል የተፈጥሮውን ቀለም፣ ሜላኒንን፣ ያፈዛል። በሌላ በኩል ከቱቦው ሲወጡ ቀለም የሌላቸውን ጥቃቅን ሞለኪውሎች አገናኝቶ ትልልቅና ባለቀለም ያደርጋቸዋል። ከተለቁ በኋላ በገቡበት ቀዳዳ መውጣት ስለማይችሉ በሻምፑ አይለቁም። ነጣ ብሎ የተበጠበጠው ክሬም ሳህኑ ውስጥ እያየነው የሚጠቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ዩጂን ሹዌለር በ1907 እ.ኤ.አ. ለፓሪስ ፀጉር ሠሪዎች መሸጥ የጀመረው ቀለም የዚህ ኬሚስትሪ ልጅ ነው፤ ሎሪያል የተባለው ኩባንያም ከዚያ ተወለደ። «አሞኒያ የሌለው» የሚለው ጽሑፍም ብዙ አያዘናጋ። ብዙውን ጊዜ በአሞኒያው ቦታ የሚገባው የማይሸት ሌላ አልካሊ ነው፤ አፍንጫ ያርፋል እንጂ ፀጉሩ መከፈቱ አይቀርም።

ጥቁር ፀጉር ሲነጣ መጀመሪያ ቀይ ቡናማ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል። ፎቶው ላይ ያለው ወርቃማ ቀለም በአንድ ቀን የማይደረስበት ለዚህ ነው። ቀድሞ በቀለም የጠቆረ ፀጉር ደግሞ ይብሳል፤ አዲስ ቀለም አሮጌውን ቀለም አያነጣውም፣ በብሊች መነሳት አለበት። ሪላክሰር ፀጉርን የሚዘረጋው ውስጡን የያዙትን የድኝ ማሰሪያዎች በጥሶ ነው። ብሊችም የሚጎዳው እነዚያኑ ነው፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ፀጉሩ ማበጠሪያ ላይ ተበጥሶ ይቀራል። በሪላክሰርና በተራ ቀለም መካከል ቢያንስ ሁለት ሳምንት ማሳለፍ የተለመደ ምክር ነው፤ ብሊች ከሆነ ግን ባይነካካ ይሻላል። ንጹሕ የሂና ቅጠል ያን ያህል አያስፈራም። የብረት ጨው የተቀላቀለበት ዱቄት ግን ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ሊግልና ፀጉሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ከሁሉ በላይ ችላ የሚባለው የቆዳ ሙከራ ነው። አብዛኞቹ ጥቁርና ጥቁር ቡናማ ቋሚ ቀለሞች ፓራ ፌኒሊን ዳያሚን፣ በአጭሩ ፒፒዲ፣ የተባለ ንጥረ ነገር አላቸው። የአውሮፓ ኅብረት ፀጉር ላይ ሲደርስ ከ2 በመቶ እንዳያልፍ ወስኗል። የፒፒዲ አለርጂ ወዲያው አይታይም፤ ሰውነት ጠላቱን ለይቶ እስኪነሳ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ጥቂት ቀለም ከጆሮ ጀርባ ወይም የክንድ መታጠፊያ ላይ ቀብቶ 48 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። ቀለሙ ሊቀባ ሲል ለአምስት ደቂቃ እጅ ላይ ማስነካት ሙከራ አይባልም። ካሳከከ፣ ከቀላ ወይም ውኃ ከቋጠረ ቀጠሮው ይሰረዝ። አለበለዚያ ፊት ዐይን እስኪዘጋ ሊያብጥ ይችላል። ሽበቱን በየወሩ የሚያጠቁረው ወንድም «እኔ ለምጄዋለሁ» ማለቱ አያዋጣውም፤ ይህ አለርጂ ከዓመታት ሰላም በኋላም ይነሳል። ለሠርግ ተብሎ እጅ ላይ የተሣለ «ጥቁር ሂና» አሳክኮት የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሳይጠየቅ ይናገር፤ ያን ያጠቆረው ብዙ ጊዜ ይኸው ፒፒዲ ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ከአንድ ቀን በፊት ይታጠብ፤ ወፍራም ቅባት ቀለሙ ወጥ እንዳይዝ ሊያደርገው ይችላል። በቀጠሮው ዕለት ግን አለመታጠብ ይሻላል፣ ከቆዳው የሚወጣው ወዝ መጠነኛ መከላከያ ነውና። ጠበቅ ያለ ሹሩባ የተፈታ ዕለት የራስ ቆዳ ስለሚቆጣ ጥቂት ቀን ይረፍ። አንገትጌው ቢበላሽ የማይቆጭ ልብስ ይለበስ። ባለሙያዋ ከኋላ በኩል ጥቂት ፀጉር ቆርጣ መጀመሪያ በዚያ ልሞክር ካለች ደስ ይበልዎ። ሪላክሰር መቀባትዎን ነግረዋት «ግድ የለም፣ ዛሬውኑ ወርቃማ አደርገዋለሁ» ካለች ግን አመስግነው ሌላ ሳሎን ይፈልጉ።