የረዳት ፈንክሽኖች አሰያየም፤ ባሕረ ሐሳብ እንደ ምሳሌ

እንደ ማትላብና ጁልያ ባሉ የሒሳብ ማስሊያ ቋንቋዎች ረዳት ፈንክሽን የሚባለው፣ ከረዥም ስሌት አንዱ እርምጃ ተለይቶና ስም ተሰጥቶት፣ በተፈለገ ጊዜ በስሙ የሚጠራ አጭር ትእዛዝ ነው። ተነባቢነቱ በአብዛኛው የሚወሰነው በስሙ ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ብቻ የሚተው አይደለም።

ስሌትን በስም መከፋፈል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የደብረ ሲናም ሆነ የሸዋ ሮቢት መሪጌታ የትንሣኤን ዕለት በአንድ ትንፋሽ አያወጣም። 2017 ዓ.ም.ን እንውሰድ። ዓመተ ኩነኔ 5500 ሲታከልበት ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል የሚተርፈው 12 መደብ ነው፤ አንድ ሲቀነስ 11 ወንበር ይባላል። ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው 1 አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ደግሞ ቀሪው 29 መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ቀን፣ ረቡዕ፣ ዋለ። የረቡዕ ተውሳክ 4 ሲጨመር 33፣ 30 ሲገደፍ መባጃ ሐመር 3 ሆነ። ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባ፤ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ተደምሮ ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ዋለ።

ይህ ሁሉ በአንድ መስመር ቢታጨቅ ውጤቱ ሲሳሳት ስሕተቱ የት እንዳለ አይታይም። በስም የተለየው ግን እርስ በርሱ ይመሰክራል፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ናቸው። መደብ ዜሮ ሲሆን ወንበር 18 የሚሆንበት ልዩ ደንብም በ‹ወንበር› ፈንክሽን ውስጥ ብቻ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ሊያውቁት አያስፈልግም።

አስቸጋሪው አጻጻፉ ነው። ማትላብ ለስም የሚቀበለው የላቲን ፊደልን ስለሆነ በ‹መጥቅዕ› ውስጥ ጥን ከት፣ ቅን ከክ፣ ዕን ከእ መለየት እንደ ጸሐፊው ፈቃድ ይሆናል። ጁልያ በፊደላችን የተጻፈ ስም ይቀበላል፤ ሆኖም ‹ዓመተ_ዓለም› እና ‹አመተ_አለም› ለአንባቢ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሞክሼ ፊደላትን ማፈራረቅ በመጽሐፍ ላይ ቢበዛ ቅር ያሰኛል፤ እዚህ ግን ፕሮግራሙን ያቆማል። በእኛ አስተያየት የግዕዙን ሥርወ ቃል ተከትሎ አንዱን አጻጻፍ መወሰን ይገባል።

ነባር ስም ላለው እርምጃ ‹ስሌት1›፣ ‹ስሌት2› ማለት ሀብትን መጣል ነው። ነባር ስም ለሌለው ደግሞ የአማርኛ ግስ ከተሳቢው በኋላ እንደሚመጣ አይዘንጋ፤ ‹ዕለት_አውጣ› ይነበባል፣ ‹አውጣ_ዕለት› ግን የባዕድ ቋንቋ ቅደም ተከተል ነው።