ደብረ ብርሃን የተሠራ ብርድ ልብስ ናይሮቢ ያለ ቀረጥ ይገባል?

"ነፃ የንግድ ስምምነት" የሚል ዜና ስናይ ብዙዎቻችን "እኛን ምን አገባን?" ብለን እናልፈዋለን። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ለሚሠራ ወይም ሥራ ለሚፈልግ ወጣት ግን ጉዳዩ የእንጀራ ጉዳይ ነው። እስቲ በአጭሩ እንየው።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። አጎዋ ስምምነት አይደለም። አሜሪካ በ1992 ዓ.ም. ያወጣችው የራሷ ሕግ ነው፤ ብዙ የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ እንዲገቡላት ፈቀደች። የሰጠችው እሷ ስለሆነች የነሳችውም እሷው ናት፦ ታኅሣሥ 2014 ላይ፣ በጦርነቱ ምክንያት፣ ኢትዮጵያን አስወጣች። በኢንዱስትሪ ፓርኮች ልብስ ሲሰፉ የነበሩ ብዙ ወጣት ሴቶች ሥራ አጡ።

ስምምነት ሲሆን ግን ሁለቱም ወገን ይሰጣል፣ ሁለቱም ይቀበላል። በመጋቢት 2010 ኪጋሊ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና እንደዚህ ነው። ኢትዮጵያ በ2011 አጸደቀችው፤ በመስከረም 2018 ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ጭነቶች ወደ ኬንያ፣ ሶማሊያና ደቡብ አፍሪካ ላከች። አባል ሀገራት ከዕቃዎቻቸው ዓይነት 90 በመቶ በሚሆኑት ላይ ቀረጡን ደረጃ በደረጃ ያነሳሉ።

ታዲያ ብርድ ልብሳችን ይገባል? ዕቃው ቀረጥ ከሚነሳላቸው ውስጥ ከሆነ አዎ፤ ግን "የት ተሠራ?" የሚል ጥያቄ አለ። እንበል አንዱ ነጋዴ የመንዝ በግ ፀጉር ገዝቶ፣ ደብረ ብርሃን ላይ አስፈትሎና አሠርቶ ላከ። ይሄ የኢትዮጵያ ምርት ነው። ሌላው ያለቀለት ብርድ ልብስ ከቻይና አምጥቶ "በኢትዮጵያ የተሠራ" ብሎ ለጠፈበት። ይሄ አያልፍም። ለዚህ ነው የሥሪት ሀገር የምስክር ወረቀት የሚጠየቀው። ወረቀቱ ከሌለ ቀረጡ ይከፈላል።

በሩ ለእኛ ብቻ አይደለም የሚከፈተው። የግብፅና የኬንያ ዕቃም በዚያው በር ይገባል። ለገዢው ዋጋ ሊረክስ ይችላል፤ መወዳደር ያልቻለ ፋብሪካ ግን ሊዘጋ ይችላል።

ውል ብቻውን ንግድ እንደማይሆን ሸዋ ከድሮም አይታዋለች። በ1834 ዓ.ም. ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው አንጎለላ፣ ከእንግሊዙ ልዑክ ካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመው ነበር። የአንኮበሩ አልዩ አምባ ገበያ ግን በዚያ ውል የእንግሊዝ ዕቃ አልጎረፈለትም። ከታጁራ ወደብ በአፋር በረሃ የሚመጣው የግመል መንገድ ረጅምም አደገኛም ነበር።

ዛሬም ያው ነው። መንገዱ ሰላም ካልሆነ፣ መብራት እየተቆራረጠ ማሽን ከቆመ፣ የቀረጡ መነሳት ብቻውን የትም አያደርሰንም። ስለዚህ ቀጣዩን "ተፈረመ" የሚል ዜና ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የትኛው ዕቃ ተካተተ? ቀረጡ መቼ ይነሳል? እኛስ ለመላክ ምን ያህል ተዘጋጅተናል?