ሃርፕ ከድራም ጎን

አንድ ባንድ ሃርፕ ይዞ ሲመጣ ብዙ የሳውንድ ባለሙያ ቀድሞ የሚያስበው ጌጡን ነው፤ ጣቶች ክሮቹን ከዳር እስከ ዳር ጠርገው ሲያልፉ የሚወጣውን፣ ፊልም ላይ ሕልም ሲጀምር የሚሰማውን ድምፅ። ስለዚህ ማይኩን ራቅ አድርጎ ያቆምና ሪቨርብ አብዝቶ ከጊታሩ ኋላ ይደብቀዋል። በሜሪላንድና በዋሽንግተን ትንንሽ መድረኮች፣ ለሐበሻውም ለፈረንጁም ባንድ ሚክስ የማደርግ ሰው ነኝ። ሃርፕን እንዲህ መደበቅ መሣሪያውን ይበድላል ብዬ አምናለሁ።

ባለ ፔዳሉ የኮንሰርት ሃርፕ 47 ክሮች አሉት። የታችኛው ክር ከተለመደው ቤዝ ጊታር የመጨረሻ ወፍራም ክር በታች ይወርዳል፤ የላይኞቹ የፒያኖን ቀኝ ጫፍ ሊነኩ ይቀርባሉ። ሰባቱ ፔዳሎች እያንዳንዳቸው አንድ ኖታን በሁሉም ኦክታቭ በአንድ ጊዜ ግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋሉ፤ ሴባስቲያን ኤራር በ1810 የፈጠራ መብት ያወጣበት አሠራር ነው። ይህ ለፖፕ ቀላል አይደለም። ዘፋኙ «የመጨረሻውን አዝማች ግማሽ ድምፅ ከፍ እናድርገው» ሲል ጊታሪስቱ እጁን አንድ ፍሬት ያሸሻል፣ አለቀ። ከሲ ሜጀር ወደ ዲ ፍላት ሜጀር የምትሄድ ሃርፒስት ግን በሁለት እግሯ አምስት ፔዳል ማንቀሳቀስ አለባት፤ ያውም ሪትሙ ሳይቋረጥ።

ከዚህ የሚከብደው ዝም ማሰኘቱ ነው። ሃርፕ ላይ የተነካ ክር እስኪደክም ድረስ ይጮኻል። ኮርዱ ተቀይሮም የቀደመው ኮርድ የታች ክር እየጮኸ ከሆነ ከቤዙ ጋር ይጋጫል፣ ሚክሱም ይጨቀያል። በክላሲክ ትምህርት ያደገ ሃርፒስት ዓመታት የሚያጠፋበት አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ ክሩን በመዳፍ በልኩ ማፈን። አንዳንዱ አድማጭ የሮክ ሙዚቀኛ ለመሆን የክላሲኩን ሥርዓት መርሳት ያስፈልጋል ብሎ ያስባል። ከሚክሰሩ ኋላ ቆሜ የማየው ተቃራኒውን ነው፤ ከድራም ጋር ሲጫወት ንጹሕ የሚሆነው ማፈን የተማረው እጅ ነው። እኛ ሐበሾች ይህን ከክራር እናውቀዋለን። ክራር በመምቻ ሲመታ ቀኝ እጅ ሁሉንም ክር ይጠርጋል፤ ዜማውን የሚያወጣው ግን የማይፈለጉትን ክሮች የሚያፍነው ግራ እጅ ነው።

የቴክኒኩ ችግር እውነተኛ ነው። የሃርፕ ገበታ ሰፊና ስስ እንጨት በመሆኑ የድራምና የቤዝ ንዝረት ያንቀጠቅጠዋል፤ ፒካፑ ያንን ይይዛል፣ ሞኒተሩ ይመልስለታል፣ ፊድባክ ይነሳል። የፈረንሳዩ ካማክ ለየክሩ ፒካፕ ያለው ሃርፕ ይሠራል፤ ዋጋው ግን ለጀማሪ ባንድ የሚቀመስ አይደለም። እኔ ገበታው ላይ የሚለጠፍ ፒካፕ ለታችኛው ድምፅ፣ ከጀርባው ቀዳዳ አጠገብ ትንሽ ማይክ ለላይኛው እጠቀማለሁ፤ ሃርፒስቷም በጆሮ ሞኒተር እንድትሰማ እጠይቃለሁ።

ሃርፕ ሳይደበቅ እንዴት እንደሚሰማ የሚያሳዩ ቀረጻዎች አሉ። የቢትልስ «ሺስ ሊቪንግ ሆም» በ1967 ሲቀረጽ ሃርፑን የተጫወተችው ሺላ ብሮምበርግ ነበረች። በዘፈኑ ላይ ከአራቱ የባንዱ አባላት አንዳቸውም መሣሪያ አልተጫወቱም፤ ሃርፑ ከፊት ነው። ይበልጥ የምመለስበት ግን የጆአና ኒውሰም የ2006 አልበም «ይስ» ነው። አምስት ዘፈን ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ ወደ 17 ደቂቃ ይጠጋል። ሃርፑንና ድምጿን የቀረጸው የኒርቫናን «ኢን ዩቴሮ» የቀረጸው ስቲቭ አልቢኒ ነው። ኦርኬስትራውን ቫን ዳይክ ፓርክስ በኋላ ጨመረበት፤ ሃርፑ ግን አልተሸፈነም። የጣቷ አነካክ፣ የክሩ ጥንካሬ ይሰማል። ሚካኤላ ዴቪስም ሃርፕን በክላሲክ ትምህርት አጥንታ፣ በ2018 «ዴሊቨሪ» በተሰኘው አልበሟ ከባንድ ጋር መሐል ላይ አስቀምጣዋለች።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ ሃርፕ ያለው ባንድ ሲመጣላችሁ ሳውንድ ቼኩን ከድራሙ አትጀምሩ። መጀመሪያ የታች ክሮቹን የሚጫወተውን የሃርፒስቷን ግራ እጅ ለብቻው ስሙ፤ ከዚያ ቤዙን በእሱ ልክ ቀንሱ።