ከመዘዞ ኦፓል እስከ ቀዶ ጥገና ክፍል

የመዘዞን ኦፓል በእጁ ይዞ ያገላበጠ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ ነው። ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚወስደው መንገድ፣ ብርድና ጉም በማይለየው ከፍታ ላይ የሚቆፈረው ይህ ድንጋይ ላዩን ሲያዩት ተራ የእሳተ ገሞራ ድቡልቡል ነው። ሲፈለጥ ግን ቡናማ ወይም ብርቱካናማ ሆዱ ውስጥ አረንጓዴና ቀይ ብልጭታ ይመላለሳል። አረንጓዴውን የሚያመጣ አረንጓዴ ነገር፣ ቀዩንም የሚያመጣ ቀይ ነገር ውስጡ የለም። ኦፓል ሲሊካና ውሃ ነው፤ ሲሊካ ማለት ደግሞ መስታወት የሚሠራበት ያው የአሸዋ ዘር ነው።

ብልጭታውን የሚያመጣው መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሳንደርስና ባልደረቦቹ የአውስትራሊያን ኦፓል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ እኩል እኩል የሆኑ የሲሊካ ድቡልቡሎች በሥርዓት ተደርድረው አገኙ። ስፋታቸው ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር ገደማ ነበር፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ዓለም ገበያ የወጣው የእኛው ኦፓል በውስጥ አሠራሩ ከአውስትራሊያው ይለያል፤ የሚገዛቸው የብርሃን ሕግ ግን አንድ ነው። ድርድሩ ጠበብ ሲል ሰማያዊ፣ ሰፋ ሲል ቀይ ይመልሳል። ከዚያም በላይ ቢሰፋ መልሶ የሚልከው ብርሃን ከቀይ ማዶ ይወድቃል፤ ዓይናችን ደግሞ እዚያ አይደርስም።

እኔን የሚያጓጓኝ ያ ከቀይ ማዶ ያለው ብርሃን ነው፤ ቅርብ ኢንፍራሬድ ይሉታል። ማታ መብራት አጥፍታችሁ የስልካችሁን ባትሪ አብሩና በጣቶቻችሁ ግጥም አድርጋችሁ ሸፍኑት። የገባው ነጭ ብርሃን ነው፤ በሥጋችሁ አልፎ የሚወጣው ግን ቀዩ ብቻ ነው። ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ደም ውጦ አስቀርቶታል። ከቀይ ትንሽ አለፍ ሲባል፣ ከ700 እስከ 900 ናኖሜትር ገደማ፣ የደሙ መዋጥ ይቀንሳል፤ የውሃው ገና አልበረታም። በዚያ መስኮት ብርሃን ወደ ሰውነት ዘልቆ ይገባል።

ይህ ብርሃን ለገጠር ጤና ጣቢያም እንግዳ አይደለም። ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ ቀይና ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት አሳልፎ ያነጻጽራል፤ አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1974 ያስተዋወቀው ጃፓናዊው ታኩኦ አኦያጊ ነው። በደጋው አካባቢ አንዲት ወጣት ነርስ መለኪያው አልይዝ ሲላት «እማማ፣ እጅዎ በርዶ ነው፤ እስኪ ያሻሹልኝ» ስትል ሰምቻለሁ። እማማም በነጠላቸው ውስጥ አሻሹ፤ ቁጥሩም ተረጋግቶ ወጣ። በቀዘቀዘ ጣት ደም በቂ ሆኖ አይመላለስምና ነርሷ ልክ ነበረች። ጥፍራቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተው ጣታቸውን የሚሰጡና ቀለሙን ሳያስለቅቁ የሚለኩ ግን ሁለቱም ጥፋተኞች ናቸው። ሌላም እኛን የሚመለከት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት መለኪያው የጥቁሮችን የኦክስጅን እጥረት ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚስት አሳይቷል። የቆዳችን ሜላኒን ቀይ ብርሃንን ይውጣል፤ ወደ ኢንፍራሬድ በተጠጋን ቁጥር ግን መዋጡ ይቀንሳል። ስለዚህ በቅርብ ኢንፍራሬድ ብቻ የሚሠራ ምስል ለጠቆረ ቆዳ ይበልጥ የተመቸ ነው። ይህን ጥቅም ጎላ አድርጎ የሚናገርለት ሰው አለመኖሩ ያሳዝነኛል።

ሲቲ ስካን የተነሣ ሰው ኮንትራስት የሚባለውን መድኃኒት ያውቀዋል፤ የተፈለገው ነገር በምስሉ ላይ ጎልቶ እንዲወጣ በደም ሥር ይሰጣል። ቅርብ ኢንፍራሬድም የራሱ ኮንትራስት አለው። አንጋፋው እ.ኤ.አ. በ1959 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኢንዶሳያኒን ግሪን ነው። በጡት ካንሰር ቀዶ ጥገና ጊዜ ጡት ላይ ሲወጋ ከዕጢው የሚወጣው ፈሳሽ መጀመሪያ የሚደርስበትን የብብት ንፍፊት በካሜራ ሥር ያበራዋል። ሐኪሙ ያንን አውጥቶ ያስመረምራል፤ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ የብብቱ ንፍፊት ሁሉ አይጠረግም፤ ሴትየዋም ዕድሜ ልክ ከሚከተል የክንድ እብጠት ልትተርፍ ትችላለች። አዮዲን የማይስማማው ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ መድኃኒቱ ውስጥ አዮዳይድ አለ።

ኢንዶሳያኒን ግሪን ጉድለት አለው። ውሃ ከነካው በሰዓታት ውስጥ ይደክማል፤ ከደምም ጉበት በደቂቃዎች ይጠርገዋል። ናኖ ቅንጣት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያበራውን ቀለም በሲሊካ ድቡልቡል ሆድ ውስጥ ቆልፎ መጠበቅ ይቻላል። ያው የኦፓሉ ሲሊካ ነው፤ መጠኑ ግን እጅግ አንሷል።

ብዙ ሰው ናኖ ሲባል ማነስ ብቻ ይመስለዋል፤ ገበያውም በየቅባቱና በየማጣሪያው ላይ «ናኖ» ጽፎ ይሸጥለታል። ስንት ናኖሜትር ነው ብሎ የማይጠይቅ ገዢ ምንም አልተነገረውም። ሰውነት ውስጥ የገባ ቅንጣት ዕጣው በመጠኑ ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች ኳንተም ዶት የሚባሉ አብሪ ቅንጣቶችን በልዩ ልዩ መጠን ሠርተው ለአይጥ ሰጡ። ከ5.5 ናኖሜትር ያነሱት በኩላሊት ተጣርተው ፈጥነው በሽንት ወጡ፤ ከዚያ የበለጡት ግን መጠናቸው በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ሰውነት ውስጥ ቀሩ። ልኩ የሚወሰደው ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ 4 የነበረው ቅንጣት የደም ፕሮቲን ሲለጥፍበት አድጎ ኩላሊቱን ማለፍ ያቅተዋል፤ ስለዚህ ፕሮቲን የማያስጠጋ ልባስ ያስፈልገዋል። ትልልቆቹን ጉበትና ጣፊያ ይይዟቸዋል፤ ካድሚየም ያለበት ኳንተም ዶት ጉበት ውስጥ ሲከርም ደግሞ አደጋ ነው።

ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በኡልሪክ ቪስነር ቡድን የተሠራው ሲ ዶት የተባለው የሲሊካ ቅንጣት ይህን ሁሉ አስቦ የተሠራ ነው። ሆዱ ውስጥ አብሪ ቀለም፣ ዙሪያውን ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚባል ልባስ አለው፤ ስፋቱ ከ6 እስከ 7 ናኖሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰው ላይ እንዲሞከር ተፈቀደ። በ2014 የሜላኖማ ካንሰር የተሠራጨባቸው 5 ሕሙማን ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ውጤት ታተመ፤ ቅንጣቱን በደኅና ተቀብለውታል፤ ከ5.5 ናኖሜትር ትንሽ ቢበልጥም በብዛት በኩላሊታቸው ወጥቷል።

አሁን ተመራማሪዎች ከ1,000 ናኖሜትር በላይ ወዳለው መስኮት እየሄዱ ነው፤ ብርሃኑ እዚያ አነስ ብሎ ስለሚበተን ምስሉ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2009 ስታንፎርድ ላይ በካርቦን ናኖቱቦ አይጥ ውስጥ ተሞክሯል፤ ረጃጅሞቹ ቱቦዎች ግን ጉበት ላይ ይቀራሉ። በ2020 የቻይና ሐኪሞች በዚሁ መስኮት 23 ሰዎች ላይ የጉበት ዕጢ ቀዶ ጥገና መሥራታቸውን ሲያስታውቁ የተጠቀሙት ያንኑ የ1959ኙን ኢንዶሳያኒን ግሪን ነበር። ከ1,000 በላይም ትንሽ ያበራል፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህን የሚይዝ ካሜራ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ አልነበረም።