በገበያና በሸንጎ ስለሚሰማ የተሳሳተ ክርክር

ነጋዴ ሲውል ዋጋ ይከራከራል፤ ስለ ውል ይሟገታል፤ ስለ ግብር አቤት ይላል። ስለዚህ ሲሰሙት ደኅና መስሎ ሲመረመር ግን ፍሬ የሌለውን ክርክር ለይቶ ማወቅ፥ ሚዛንን የማወቅ ያህል ያስፈልገዋል። ግሪካዊው አርስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለዚሁ ነገር ጽፏል፤ እኛ ግን ምሳሌውን ከአገራችን ከምሥራቅ ጎጃም እናመጣለን።

በብቸና አካባቢ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርት የታወቀ ደብር ስለ ሆነ፥ አንድ ቃል ሰምና ወርቅ ይዞ መነገሩ ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ በቅኔ ያማረው በሒሳብ ላይ ጠብ ያመጣል። ሸማቹ «ትርፍህ ብዙ ነው» ሲል የመግዣውንና የመሸጫውን ዋጋ ልዩነት ማለቱ ነው፤ ነጋዴው «ትርፍ የለኝም» ሲል ደግሞ የጭነት፥ የተሸካሚ፥ የመጋዘንና የግብር ወጪ ተቀንሶ የሚቀረውን ማለቱ ነው። ሁለቱም እውነት ተናግረው ሳይግባቡ ይለያያሉ።

«እገሌ መጋዘን ከከፈተ ወዲህ ጤፍ ተወደደ» የሚለውም ዘወትር የሚሰማ ነው። መጋዘኑ በግንቦት ተከፍቶ እንደ ሆነ፥ ክረምት ሲገባ የአምናው እህል እየጎደለ አዲሱም ገና ሳይደርስ ዋጋ መውጣቱ የተለመደ ነው። እገሌ በሌለበት ገበያስ ዋጋው ምን ሆነ? ይህን ሳይጠይቁ መፍረድ አይገባም። (እርግጥ ነው፥ እህል የሚደብቅ ነጋዴ የለም ማለታችን አይደለም።)

ከአንድ ምሳሌ ተነሥቶ ስለ ሁሉ መደምደም ደግሞ አገርን እስከ መጉዳት ይደርሳል። በደርግ ዘመን የጥኖራ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለሌላው ገበሬ አርአያ ተደርጎ ይታይ ነበር። ነገር ግን የጥኖራ ከመንግሥት ያገኘው ልዩ ድጋፍ ለሌሎቹ ሁሉ የሚዳረስ አልነበረም። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ለገበሬው ምርጫ ሲሰጠው በየቦታው የነበሩት እንዲህ ያሉ ማኅበራት አብዛኞቹ ወዲያው ፈረሱ። ይህንም ይዞ «ማኅበር ሁሉ ከንቱ ነው» ማለት ያው ስሕተት ተገልብጦ ነው፤ በግድ የቆመና በፈቃድ የቆመ አንድ አይደሉምና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው የ1960 ዓ.ም. ነገር ነው። በዚያ ዓመት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የሞጣና የብቸና ገበሬ ተቃውሞ ተነሣ። ሐሳቡም በአጭሩ፥ ግብሩ ግምትን ያመጣል፤ ግምቱ መለካትን፤ መለካቱ ርስት ማጣትን ያመጣል የሚል ነበር። የሎጂክ መጻሕፍት እንዲህ ያለውን ሰንሰለት ከስሕተት ይቆጥሩታል፤ የአንዱ መምጣት የሌላውን መምጣት ብቻውን አያረጋግጥምና። አዋጁም ገቢን መገመት እንጂ ርስትን መንጠቅ አላዘዘም።

ሆኖም ሰንሰለት ሁሉ ሐሰት አይደለም። በደቡብ የአገራችን ክፍል መሬት በቀላድ ከተለካ በኋላ ብዙ ባለመሬት ርስቱን አጥቶ ጭሰኛ ሆኗል፤ የጎጃም ገበሬ ፍርሃትም ምክንያት አልባ አልነበረም። መመርመር የሚገባው እያንዳንዱ ቀለበት ነው፤ ገማቹ ማን ነው? ግምቱ በማን ፊት ይደረጋል? ርስት እንዳይነካ ዋስትናው ምንድን ነው? ተቃዋሚውን «ያልገባው ነው» ወይም «ሽፍታ ነው» ብሎ መስደብ ለእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አይመልስም፤ ስለ ሰውየው እንጂ ስለ ነገሩ መናገር አይደለምና። በጎጃም ጦር ተላከ፤ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻም መንግሥት ግብሩን ማስከፈሉን ትቶ የቆየውን ውዝፍ ለገበሬው ማረ።