ሸጎሌ ላይ የቆመው የአሶሳ ቤት

አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ውስጥ ያለው ሸጎሌ ስሙን ያገኘው ከሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ነው። ሼሁ የአቆልዲ፣ ማለትም የዛሬው የአሶሳ አካባቢ ገዥ ነበሩ፤ ያረፉትም በ1930 ዓ.ም. ነው። የእንጨት በረንዳ ያለው ቤተ መንግሥታቸው የሚገኘው በዚሁ ሰፈር ነው። በአውቶብስ ታፔላ ላይ በየቀኑ ስማቸውን የሚያነብ መንገደኛ ግን ስለ ቤቱ ቢጠየቅ «የአንድ ሀብታም ሼህ አሮጌ ቤት» ብሎ ያልፋል። ቅርስ እንወዳለን የሚሉትም ቢሆኑ በረንዳውን አድንቀው ሲያበቁ ሀብቱ ከየት መጣ ብለው ለመጠየቅ ይሰንፋሉ።

ይህ ቤት የድሎት ማሳያ ተደርጎ መታየቱ ትልቁ ስህተት ነው። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ዘምተው ቤላ ሻንጉልን፣ ሆሞሻንና አቆልዲን ለአጼ ምኒልክ አስገበሩ። ሼህ ሆጀሌ አዲስ አበባን መጀመሪያ በደንብ ያወቋት በእስር ነው፤ ከዓመታት በኋላ ተፈትተው አገራቸው ሲመለሱ ከሌሎቹ የአካባቢው ሼሆች በልጠው ወጡ። ሥልጣናቸው የጸናው ግን ወርቅ እስከ ገበሩ ድረስ ብቻ ነበር። ወርቁን የሚያወጡት የአካባቢው ነዋሪዎች በርታዎች ናቸው፤ የወንዝ ዳር ጠጠርና አሸዋ በገበቴ ዝቀው ውሃ ውስጥ ያዞሩታል፤ ቀላሉ አሸዋ ከውሃው ጋር ሲሄድ ከባዱ ወርቅ ከሥር ይቀራል። ይህ ብናኝ ነው ቤተ መንግሥት ደርሶ ሹመት የሚያጸናው። በዚያ ዘመን መኳንንቱ ሁሉ ደጅ የሚጠኑበት ቤት በከተማዋ ነበራቸው፤ የደጃች ውቤና የራስ ብሩ ሰፈሮች ምስክር ናቸው። ከሱዳን ጠረፍ የመጣ ገዥ ሲሆን ግን ቤቱ ማረፊያም፣ የታማኝነት መያዣም ይሆናል።

«አዲስ አበባ ያለ ቤት አሶሳ ላለችበት ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ምኑ ነው?» የሚል ይኖራል። ሊዝበን አጠገብ ያለው የማፍራ ቤተ መንግሥት በፈረንጆች 1717 ሲጀመር ወጪውን የሸፈነው የብራዚል ወርቅ ነው፤ ብራዚልን ትቶ ማፍራን መተረክ አይቻልም። ሸጎሌም እንደዚያው ነው። የሚከብደው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው፤ የሼሁ ሀብት ከባሪያ ንግድም የመጣ ስለሆነ ቤቱ ለምን ይከበራል ይባላል። እውነት ነው፤ ባለቤታቸው ሲት አምና በፈረንጆች 1928 በዚሁ ንግድ ሱዳን ውስጥ በእንግሊዞች ተይዘዋል። ነገር ግን መጠበቅና ማወደስ ለየቅል ናቸው። ቤቱ ቢፈርስ የሚጠፋው የሼሁ ክብር ሳይሆን የተሸጡት ሰዎች ማስረጃ ነው። ስለዚህ ጥገናው የአዲስ አበባ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ አይተው፤ አሶሳም ትጠየቅ። በሩ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍም ከሼሁ ማዕረግ በፊት ወርቅ አጣቢውንና ባሪያ ተደርጎ የተሸጠውን ሰው ያንሳ።