የላሟ ወተትና የላሟ ዋጋ

ሮብ ገበያ ስሙ ከነቀኑ ነው። ረቡዕ ሲነጋ የአካባቢው ሰው ጤፉን ጭኖ፣ ከብቱን ነድቶ ይጎርፋል። ከብት ተራ ገብቶ የምትታለብ ላም የሚፈልግ ሰው «ስንት ሊትር ትታለባለች?» ብሎ ብቻ አይመለስም። ሁለት ሊትር የምትሰጥ በ40 ሺህ ብር፣ ሦስት ሊትር የምትሰጥ በ90 ሺህ ብር ቢቀርቡለት፣ ባለሁለት ሊትሯን ይዞ ይሄዳል። ለብሩ የበለጠ ወተት የምትሰጠው እሷ ናትና።

በአንድ ባንክ ጥቂት አክሲዮን ያላቸው አጎቴ ባለፈው ጥር ይህንኑ ላም ገዢ ያስታወሰኝ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ በየዓመቱ ብዙ የትርፍ ድርሻ የሚከፍለውን እየመረጥን ብንገዛ፣ ያነሰውን እየሸጥን ብንሄድ አይሻልም?» እኔም «ጋሼ፣ መልሱ ያለው ደብተር ላይ ነው» አልኳቸው። በፋይናንስ ሰዎች ዘንድ መልሱን እንዲህ ካለፈው መዝገብ መፈለግ ባክቴስት ይባላል፤ እኔ የኋልዮሽ ፍተሻ እለዋለሁ። አንድን የአገዛዝና የአሻሻጥ ደንብ ይዞ ወደ ኋላ መመለስ፣ ያኔ በነበረው ዋጋ በወረቀት ላይ መገበያየት፣ በመጨረሻም ምን እንደቀረ መቁጠር ነው።

መጀመሪያ ግን ወተቱና ዋጋው ይለይ። አንድ ባንክ «30 በመቶ ከፈልኩ» ሲል ብዙውን ጊዜ በአክሲዮኑ የስም ዋጋ ላይ ማለቱ ነው። የስም ዋጋው 1,000 ብር ከሆነ የትርፍ ድርሻው 300 ብር ነው። ያንኑ አክሲዮን ከሌላ ሰው በ2,500 ብር ለገዛ ግን 300 ብሩ 12 በመቶ ብቻ ይሆንበታል። በትርፍ ድርሻ ላይ የሚጣለው ግብር ሲነሳ ደግሞ እጁ የሚገባው ከዚያም ያነሰ ነው። የአጎቴ ደንብ ትርጉም የሚኖረው በዚህኛው ስሌት፣ ማለትም በገበያ ዋጋ ሲመዘን ነው።

ደንቡ ሁለት እግር አለው። አንዱ ከገበያው ለብሩ ብዙ የሚሰጡትን መምረጥ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በተወሰነ ቀን ድርሻን መልሶ ማመጣጠን ነው፤ ዋጋው ወጥቶ ወተቱ ያነሰበት ይሸጣል፣ በምትኩ የተሻለው ይገባል፣ ገንዘቡም በሁሉም ላይ እኩል ይከፋፈላል። ያለ ሁለተኛው እግር የመጀመሪያው አይቆምም፤ አምና ብዙ ትታለብ የነበረች ላም ዘንድሮ ነጥፋ ሊሆን ይችላል።

ይህን ደንብ በዓለም ያስተዋወቀው በአሜሪካ የዳው ጆንስ የአክሲዮን መዝገብ ላይ የተደረገው ሙከራ ነው። ማይክል ኦሂጊንስ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ መዝገቡ ውስጥ ካሉት 30 ኩባንያዎች ከዋጋቸው አንጻር ከፍተኛ የትርፍ ድርሻ የሚከፍሉትን 10 መርጦ መግዛትን፣ ዓመት ጠብቆ እንደገና መምረጥን መከረ። «የዳው ውሾች» የሚል ስምም ወጣለት። ግራንት ማክኩዊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት ከ1946 እስከ 1995 ያለውን የ50 ዓመት መዝገብ ፈተሹ። አሥሩ ከሠላሳው በዓመት ወደ 3 በመቶ ነጥብ ገደማ በልጠው ተገኙ። ስጋቱ፣ የመግዣና የመሸጫ ወጪውና ግብሩ ሲቀናነስ ግን ባለቤቱ ኪስ የሚገባ ብልጫ ቀረ ለማለት አላስደፈረም። የኋልዮሽ ፍተሻን የምወደው ለዚህ ነው፤ በቅንነት ከተሠራ የሚያስደስተውን መልስ ብቻ ሰጥቶ አይሄድም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ጄኔራል ሞተርስና ሲቲግሩፕ ከውሾቹ መካከል ነበሩ። ዋጋቸው ስለወደቀ ብቻ የትርፍ ድርሻቸው ትልቅ መስሎ ይታይ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ በዚያው ዓመት ሐምሌ የትርፍ ድርሻውን አቆመ፣ በ2009 ጁን ኪሳራ አወጀ፤ ሁለቱም ከመዝገቡ ተሰረዙ። እዚህ ላይ የፍተሻው የመጀመሪያ አደገኛ ወጥመድ ይታያል። አንድ ሰው ዛሬ ያሉትን 30 ስሞች ይዞ ወደ 2008 ቢመለስ፣ ሁለቱን ጨርሶ አያገኛቸውም፤ ደንቡም ከነበረው በላይ አምሮ ይታየዋል። ከብት ተራ ቆሞ በሕይወት ያሉትን ላሞች ብቻ ቆጥሮ «ላም አትሞትም» እንደማለት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ያልተሰማን ወሬ እንደተሰማ መቁጠር ነው፤ በእኛ አገር ይህ ስህተት በጣም ቅርብ ነው። የባንኮቻችን በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ሒሳቡ ተመርምሮ የትርፍ ድርሻው በባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ የሚጸድቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ደብተራችን «በሐምሌ ገዛሁ» እያለ በታኅሣሥ የጸደቀውን ቁጥር ከተጠቀመ፣ ያ ትርፍ ማንም ሊያገኘው የማይችል ነበር።

ሦስተኛው መዝገቡን እስኪናዘዝ ድረስ መመርመር ነው። ሞትሊ ፉል የተባለው የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ምክር ድርጅት ከውሾቹ አራቱን ብቻ የሚመርጥ ደንብ ለደንበኞቹ ያስተዋውቅ ነበር። ማክኩዊንና ስቲቨን ቶርሊ እ.ኤ.አ. በ1999 ያንን ደንብ ለብቻው ፈትሸው ብልጫው ቁጥርን ደጋግሞ ከማገላበጥ የመጣ እንጂ የሚዘልቅ አለመሆኑን አሳዩ። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2000 ደንቡን መምከሩን አቆመ። መቶ ደንብ የሞከረ ሰው አምስቱ በአጋጣሚ ቢያምሩለት ሊደነቅ አይገባም።

ወደ እኛ ስንመለስ ችግሩ ከደንቡ በፊት የሚመጣ ነው፤ መዝገቡ አጭር ነው። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የአክሲዮን ግብይት ተጀምሮ ነበር፤ ባንኮችና ትልልቅ ኩባንያዎች በ1967 ዓ.ም. ሲወረሱ ያ ጅምር ተቋረጠ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የግል ባንኮች ሲመሠረቱ አክሲዮን በብዛት ተሸጠ፣ የትርፍ ድርሻም ተከፈለ። ነገር ግን ባለአክሲዮን ለባለአክሲዮን ሲሸጥ ዋጋው በሁለቱ መካከል ይቀር ነበርና፣ ወተቱ ተጽፎ ዋጋው ሳይጻፍ ቀረ። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ወጣ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 አክሲዮኑን ለሕዝብ ማቅረብ ሲጀምር የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ነበር።

መዝገቡ ቢኖር እንኳ ያለፈው ጊዜ የራሱ ጠባይ አለው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ባንኮች ዝቅተኛ ካፒታላቸውን ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያሳድጉ ሲያዝ፣ ብዙዎቹ አዲስ አክሲዮን መሸጥ ነበረባቸው። አክሲዮን ሲበዛ ትርፉ ካልተከተለው ለአንዱ የሚደርሰው ይቀንሳል። ከዚያ በፊት ያሉትን ዓመታት ብቻ የፈተሸ ሰው ይህን በደብተሩ አያገኘውም። የብርም አቅም በ2016 ሐምሌ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ተለወጠ። ስለዚህ ለአጎቴ ደንብ ማነጻጸሪያው ባዶ ሳጥን መሆን የለበትም፤ በዚያው ብር በጥር ጤፍ ገዝቶ በነሐሴ ቢሸጥ ምን ያገኝ እንደነበር ነው። ይህን ስላቸው አጎቴ ወዲያው ገባቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያደረጉት ነውና።

ልነሳ ስል የልጃቸውን ደብተር አስመጡና መስመር አሰመሩልኝ። በየታኅሣሡ የሚሞሉ ስድስት ዓምዶች ጻፍንበት፤ የኩባንያው ስም፣ የጸደቀው የትርፍ ድርሻ፣ የጸደቀበት ቀን፣ በዚያ ቀን የነበረው የገበያ ዋጋ፣ የአክሲዮኑ ብዛት፣ የጤፍ ዋጋ በኩንታል። ከታች ሰፋ ያለ ቦታ ተውን፤ ከመዝገቡ የሚወጣ ኩባንያ ቢኖር ስሙና የወጣበት ቀን የሚሰፍርበት።